ነፋስ ሲጠፋ

በጣሊያን ጊዜ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣ ካሚዮን፣ ጭነቱ ላይ ተቀምጠን እንሄዳለን። ከጎኔ አንድ ሽማግሌ ገበሬና በርበራ ወደብ ሠርቶ የተመለሰ ወጣት ያወራሉ።

«ወዴት ነው አባቴ?»

«ደሴ። ልጄን ጣሊያን አስሮብኛል። እንዳየው ብለምን በር ላይ መለሱኝ። ዛሬም ልሞክር ብዬ ነው።»

«አብሽሩ። እንግሊዝ መሞከርን ‹ትራይ› ይለዋል። ወደብ ላይ እንግሊዙ አለቃዬ እንደነገረኝ፣ ቃሉ ጥንት ፍሬውን ከገለባው መለየት ማለት ነበር።»

«እኛ አውድማ ላይ በመንሽ ወደ ላይ እየበተንን እንደምናጠራው?»

«እንደዚያው መሰለኝ።»

መኪናው የሀረጎን ዳገት እያቃሰተ ይወጣል፤ ጉሙ ከበታቻችን ተኝቷል።

«እንግዲያ እንግሊዝ ነፋሱ ሲጠፋ ምን ያደርጋል?»

«እሱን አልነገረኝም። እናንተስ?»

«መንሹን ይዘን እናፏጫለን። ነፋሱ ሰምቶ እስኪመጣ አውድማውን ትተን አንሄድም።»

«ይመጣል?»

«አንዳንዴ ያመሻል። ግን ወላሂ ይመጣል።»

ደሴ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ስትል ሽማግሌው ቀስ ብለው ማፏጨት ጀመሩ።

እኔም ማንም ሳያየኝ ከንፈሬን አሞጠሞጥኩ።