ማስረጃው

ከደካ ወደ ቦንጋ በሚሄደው ሚኒባስ እግሬን ያሳረፍኩት የአንድ ሽማግሌ ጆንያ ላይ ነበር። አጠገቤ ያለችው ሴት ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ ማር ነው?»

«አይደለም ልጄ። ለዞን የምወስደው ነው።»

«ምን ሊያደርግላቸው?»

«ደናችን ውስጥ አንበሳ አለ፤ ሰው በመርዝ ሳይጨርሰው ጠባቂ ቅጠሩልን ብለን ስንት ጊዜ ለመንናቸው።»

«ምን አሉ?»

«መኖሩን ማስረጃ አምጡ አሉን።»

«ፎቶ አገኙ እንዴ?»

«ማን ቀርቦ ያነሳዋል? ድምፁን ነበር የምንሰማው።»

«ታዲያ ምን ይዘው ነው?»

«የአንዲቷን እናት አንበሳ ቆዳ፤ በመርዝ ሞታ አገኘናት። የአባቴ ጊዜ ቢሆን በፉከራ ነበር የምንገባው።»

«ውይ! ከሞተች በኋላማ ምን ሊያደርጉ?»

«ደቦሎቿ ደኑ ውስጥ ናቸው። ለእነሱ እንኳ ይድረሱ።»

እግሬን ቀስ ብዬ ከጆንያው ላይ አነሳሁ።