ከሚስማሩ ሳይነሳ ስለቀረው ትዕዛዝና ስለ ሞተረኛው የተሰጠ የምስክር ቃል

ምስክር፦ ቦርሳ ሠሪ፣ ሴት
ዕድሜ፦ 46
አድራሻ፦ ከልብስ ንጽሕና ቤቱ ጀርባ፣ ምድር ቤት፣ በር ቁጥር 4
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ረቡዕ፣ በወሩ 14ኛ ቀን፣ ከጠዋቱ 3:20 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ ተረኛ መርማሪ

የመጣሁት ተጠርቼ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ ነው። ትናንት ማክሰኞ ከቀኑ 10:00 ሰዓት ላይ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ሁለት ሰዎች ተይዘዋል። ከሁለቱ አንዱ፣ ሞተረኛው፣ የሌባው ተባባሪ አለመሆኑን ለማስረዳት ይህን ቃል እሰጣለሁ።

ከባለቤቴ እናት ጋር የቆዳ ቦርሳ እየሠራን በኢንተርኔት እንሸጣለን። ሱቅ የለንም። ገዢ በካርድ ይከፍላል፤ ክፍያውን የሚያስተላልፍልን አንድ ድርጅት ነው። ከሁለት ወር በፊት በተሰረቀ ካርድ ታዘን አምስት ቦርሳ ልከን ነበር። የካርዱ ባለቤት ሲያመለክት ገንዘቡ ከእኛ ላይ ተወሰደ፤ ቦርሳዎቹም በዚያው ቀሩ። ድርጅቱ እንዲህ ያለ አቤቱታ ዳግመኛ ከቀረበብን አገልግሎቱን እንደሚያቋርጥብን ጽፎልናል። ቢያቋርጥብን የምንሸጥበት ሌላ መንገድ የለንም።

ትናንት ከጠዋቱ 3:00 ሰዓት ጀምሮ አንድ ሰው በጣም ርካሹን ዕቃችንን፣ የቁልፍ ማንጠልጠያ፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ሊገዛ ሞከረ። ካርዱ በየጊዜው የተለያየ ነው። ስምንቱ አልሠሩም፣ ዘጠነኛው አለፈ። አንድ ጊዜ ተቃጥዬበታለሁና ነገሩ ገባኝ፤ ሌባ የትኛው ካርድ እንደሚሠራ የሚፈትነው በትንሽ ዕቃ ነው። የማንጠልጠያውን ትዕዛዝ ገና ሳልሰርዝ በዚያው ካርድ አራት ትልልቅ የጉዞ ቦርሳ ታዘዘ። "ዛሬውኑ መልእክተኛ መጥቶ ይወስዳል" የሚል ማሳሰቢያም ነበረው።

የቦርሳዎቻችን ገላ አስቀድሞ ተሠርቶ ይቀመጣል፤ ማንገቻው ግን የሚቆረጠው በተሸካሚው ቁመት ነው። ስለዚህ ለገዢ ሁሉ ደውዬ ቁመት እጠይቃለሁ። ትዕዛዙን እንደተለመደው በወረቀት ገልብጬ 3:40 ላይ ደወልኩ። ወንድ አነሳ። የአራቱን ሰዎች ቁመት ስጠይቀው "መካከለኛ" አለኝ፤ ወረቀቱ ላይ ጻፍኩት። "አራቱም?" አልኩት። "አዎ፣ መንታ ናቸው" አለኝ። "መንታ ሁለት አይደለም እንዴ?" ስለው ስልኩን ዘጋው።

ወዲያው ሁለቱንም ትዕዛዝ በስልኬ ሰረዝኩ፣ ገንዘቡን ወደ ካርዱ መለስኩ፣ ለድርጅቱም አመለከትኩ። ከዚያ ክር አልቆብን ስለነበር ልገዛ ወጣሁ።

ስህተቱ የእኔ ነው። በእኛ ቤት ትዕዛዝ ማለት በር አጠገብ ያለው ሚስማር ላይ የተሰካ ወረቀት ነው። አማቴ የሰባ አንድ ዓመት ሴት ናቸው፤ ስልክ አያዩም፤ ሚስማሩ ላይ ያለውን ይሠራሉ። ወረቀቱን ሳላነሳ ነው የወጣሁት።

8:30 ላይ ስመለስ መደርደሪያው ባዶ ነው።

"እማዬ፣ ቦርሳዎቹስ?" አልኳቸው።

"ማንገቻቸውን ሰፍቼ ላክኋቸው። አንድ ሞተረኛ መጥቶ ወሰደ።"

"ተሰርዟል እኮ።"

"የት ነው የተሰረዘው? ሚስማሩ ላይ አለ። ያንቺን ስልክ ልጠይቀው ኖሯል?"

ደግነቱ አማቴ ስልክ ቁጥር ሳይቀበሉ ከቤት ዕቃ አያስወጡም። በሰጡኝ ቁጥር ስደውል ሞተረኛው ነዳጅ ማደያ ተሰልፎ አገኘሁት። "እህቴ፣ እኔ ዕቃ አመላላሽ ነኝ። ያዘዘኝን ሰው በዓይኔ አላየሁትም፤ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ስታደርስልኝ እከፍልሃለሁ ነው ያለኝ" አለ። ቦርሳዎቹ የታዘዙት በተሰረቀ ካርድ መሆኑን ነገርኩት። "በቃ፣ የዛሬ ድካሜን ውሃ በላው" አለ። ቀጥሎም "እመለሳለሁ" ብሎ ዘጋ።

እኔ አላመንኩትም። አማቴ ግን "ይመጣል" አሉ። በምን እንዳወቁ ብጠይቃቸው "ውሃ ሰጥቼው ብርጭቆውን አጥቦ ነው የመለሰልኝ" አሉኝ። ይህ ምኑ ማስረጃ ነው ብላቸው "ባልሽ አንድ ቀን አጥቦ ያውቃል?" አሉኝ።

9:05 ላይ መጣ። የካርቶኑ ፕላስተር አልተነካም። አራቱንም ቦርሳ ቆጥረን ተረከብነው። በዚህ መሀል ሌባው "የት ደረስክ?" እያለ ሁለት ጊዜ ደውሎለታል። ቁርጥራጭ ቆዳ የሞላበት ካርቶን ይዞ ወደ ቀጠሮው ቦታ እንዲሄድ ሦስታችንም ተስማማን። ሐሳቡ የሞተረኛው ነው፤ ካርቶኑን ያሸጉት አማቴ ናቸው፤ ለፖሊስ የደወልኩት እኔ ነኝ። ስደውል "ካርቶን በሞተር ይዞ የሚመጣ ሰው አለ፤ ሌላ ሰው ይቀበለዋል" አልኩ እንጂ ሞተረኛው በእኛ በኩል መሆኑን አልተናገርኩም። ፖሊሶቹ ሁለቱንም የያዙት በነገርኳቸው መሠረት ነው።

ከሞተረኛው ጋር የቀደመ ትውውቅ እንዳለኝ ተጠይቄ፣ የለኝም ብያለሁ። ሊጠፋ ይችል ነበር ወይ ተብዬ፣ አዎ ብያለሁ። በእጃችን የነበረው አንድ ስልክ ቁጥር ብቻ ነው፤ ቢያጠፋው ኖሮ የምንፈልገው በምን ነበር።

ድርጅቱ ትናንት ከቀኑ 11:30 ላይ ጽፎልኛል። የካርዱ ባለቤት ገንዘቧ ቀድሞ ስለተመለሰላት አቤቱታ አላቀረበችም፤ አገልግሎታችንም አይቋረጥም። የጽሑፉን ቅጂ አያይዣለሁ።

የምጨምረው ካለ ተጠይቄ ይህን ብያለሁ። ሞተሩ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ቆሟል። ለእሱ ሥራ ማለት ሞተሩ ነው። ነገ የምልከው ሦስት ጥቅል አለኝ፤ ሦስቱንም የምሰጠው ለእሱ ነው፤ እስኪፈታ ገዢዎቼን አስታግሣለሁ። መርማሪው ይህ ከጉዳዩ ጋር እንደማይያያዝ ቢነግሩኝም እንዲጻፍልኝ ስለጠየቅኩ ተጽፏል።

ይህ ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኛል። የጨመርኩት፣ ስህተቴንም ቢሆን የደበቅኩት የለም። ሐሰት ከተገኘበት እንደምጠየቅ አውቄ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ተፈርሟል
የመርማሪው ፊርማ፦ ተፈርሟል

የመርማሪው ማስታወሻ፦ የምስክሯ አማት ሳይጠሩ መጥተው ከቢሮው በር ላይ ስለተገኙ፣ ቃላቸውን ከ4:15 ሰዓት ጀምሮ ሰጥተዋል። ከዚህ ቃል ጋር ይስማማል። ሞተረኛው በዚሁ ዕለት ከቀኑ 6:40 ሰዓት ተለቆ ሞተሩን ፈርሞ ተረክቧል። ሁለቱም ምስክሮች እስከዚያው ሰዓት ከጣቢያው አልሄዱም።