ለነፊር የማይጠራ ሰው

ከሆሞሻ ወጣ ባለች ቀበሌ እየዞርኩ የጤና መድን አባላት ስመዘግብ፣ ማሽላ የሚያርሙ አንድ ሽማግሌ አስቆሙኝ። «እኔ ዘንድሮ ካልታመመ፣ መዋጮዬ የት ይሄዳል?» አሉኝ በተሰባበረ አማርኛ። ለታመመ ጎረቤትዎ መታከሚያ ይሆናል አልኳቸው። «አሃ፣ ነፊር ነው» አሉ። ነፊር የሚሉት እኛ ደቦ የምንለውን ነው፤ ዛሬ የአንዱን ማሳ፣ ነገ የሌላውን ተባብሮ ማረም። ሥልጠና ላይ ቀኑን ሙሉ ያስረዱንን እሳቸው በአንድ ቃል ጨረሱት። ደስ ብሎኝ ቅጹን ስዘረጋ ግን እጃቸውን ላዩ ላይ ጫኑበት።

«ቆይ ልጄ፣ አንተ ንገረኝ።» ሴት ነኝ፤ የእሳቸው አማርኛ ግን ወንድና ሴት አይለይም። «ነፊር ላይ የሚለግም ሰው፣ እኛ ለከርሞ አንጠራውም። ጤና ጣቢያው መድኃኒት የለም ካለ፣ እኔ ለከርሞ ሌላ መጥራት ይችላል?» የመድኑ መታወቂያ የሚሠራው በተመደቡበት ጤና ጣቢያ ብቻ መሆኑን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኳቸው። እጃቸውን ከቅጹ ላይ አነሱ። «ይሁን፣ ጎረቤቴ ታሟል፤ መዝግብ። ጥያቄዬም ጻፍ።» ቅጹ የጥያቄ ቦታ ስለሌለው ጠርዙ ላይ ጻፍኩት።

ቢሮ ስመለስ ኃላፊዬ አነበበውና «ነፊር ምንድን ነው?» አለኝ። ደቦ ነው አልኩት። የለገመው ማን እንደሆነ ግን አልጠየቀኝም።