አባ ጅብሪል ከአውቶቡሱ ኋላ ለምን ይቆማሉ?

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጋጋለበት ዘመን ነው። ከአጋሮ ወደ ጅማ የሚወስደኝ መኪና አጥቼ ስቁለጨለጭ፣ አባ ጅብሪል የቡና ጭነት መኪናቸውን አቁመው «ግባ፣ ያ አስተማሪ!» አሉኝ። ደግ ሽማግሌ ናቸው። አነዳዳቸው ግን አያድርስ! እኔ በየመታጠፊያው ጸሎት ሳደርስ እሳቸው መንዙማ ያንጎራጉራሉ።

ጥቂት እንደ ሄድን፣ የቡና እርሻ ሠራተኞችን ልጆች ትምህርት ቤት የሚያመላልሰው አውቶቡስ ከፊታችን ቆሞ ልጆች ሲያወርድ ደረስን። አባ ጅብሪል ሊያልፉት መሪያቸውን ሲጠመዝዙ፣ አንዲት ወጣት ቀይ ጨርቅ ይዛ መሀል መንገድ ገባች። ልጆቹን የምታጅበው መምህርት ዘነቡ ነበረች። ፍሬኑ ጮኸ፤ እኔም ጮኽኩ።

«ያ ረቢ! አንቺ ልጅ፣ መሞት አማረሽ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ። አውቶቡስ ልጆች ሲያወርድ ከኋላው ቆሞ መጠበቅ ነው ደንቡ።»

«ደንብ! እኔ መሪ ስጨብጥ እናትሽ አልተዳረችም። ጥሩምባ እነፋለሁ፣ ሰምተው ገለል ይላሉ፤ አለቀ።»

እውነት ለመናገር እኔም ከሳቸው ጋር ነበርኩ። ጥሩምባ የሰማ ልጅ ካልሸሸ ምን ያደርጋል? ዘነቡ ግን አልተቆጣችም፤ ጠጋ ብላ ጠየቀች።

«በየመንገዱ ለልጆች ሸንኮራ የሚጥሉላቸው እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ ነኛ! ሶደቃ ነው» አሉ፤ ፊታቸው ፈካ።

«እንዲሰበሰቡልዎ ምን ያደርጋሉ?»

«ጥሩምባዬን...» አሉና ወደ መሪያቸው አዩ።

«እስቲ ሞተሩን ያጥፉና አንዴ ይንፉት።»

ግራ ቀኙን አይታ መንገዱ ባዶ መሆኑን አረጋገጠች። እኔም ጉጉቴ አላስቀምጥ ብሎኝ አንገቴን በመስኮት አወጣሁ። አባ ጅብሪል ነፉ። ወይ ጉድ! ከአውቶቡሱ ፊት፣ ለእኛ ከማይታየን በኩል፣ ልጆች እንደ ንብ ግር ብለው ወጡ። አንዱም አልሸሸም። እየሳቁ፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ እኛ ልናልፍበት በነበረው መስመር ላይ ሮጡ። ሻሽ ያሰረች አንዲት ልጅ ሁሉንም ቀድማ «አባባ!» እያለች ከጎማው ፊት ቆመች። ለጢፋ ናት፤ የልጃቸው ልጅ።

አባ ጅብሪል ወርደው ለጢፋን አቀፉና ወደ ዘነቡ ዞሩ። «ሱብሃነላህ! ባታቆሚኝ ኖሮ... እኔው ጠርቻት፣ እኔው!» እንባቸው መጣ።

«እሷ ምን ታድርግ፣ ያስለመዷትን ነው» አለች ዘነቡ። «ከእንግዲህ አውቶቡስ ቆሞ ሲያዩ ልጆቹ ተሻግረው እስኪያልቁ አይቅደሙት። ሸንኮራውንም ለእኔ ይስጡኝ፤ ግቢ ውስጥ አድልልዎታለሁ።»

«እሺ ልጄ። ወላሂ፣ እሺ።»

እኔ የምለው፣ ሹፌር ከአውቶቡስ ኋላ ቢቆም ምን ይጎድልበታል? ቡናው እንደሆነ አይሸሽ! ቆሞ ያሳለፈ ሹፌር እሱም በሰላም ይተኛል፣ እናትም ጧት የሸኘችውን ልጅ ማታ ትቀበላለች። የቸኮለ ግን ዕድሜ ልኩን የማይመልሰውን ነገር ሊወስድ ይችላል።

ሰንብቶ እንደገና አብሬያቸው ስጓዝ ያንኑ አውቶቡስ ቆሞ አገኘነው። አባ ጅብሪልም ቆሙ። ከኋላችን የነበረው ሹፌር ትዕግሥቱ አልቆ ወርዶ መጣ።

«ምነው አባ ጅብሪል፣ የልጅ ልጅዎ እየወረደች ነው እንዴ?»

«ኧረ እሷስ የለችም። ዛሬ አሟት ቤት ቀርታለች» አሉና ሞተሩን አጠፉ።