ክርስትና የተነሳችበት አገር

የሰው ወሬ ማድመጥ ነውር ነው፤ ግን ሰማሁ። ከሰቆጣ ወደ ወልድያ በአውቶቡስ ስንሄድ፣ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ የተኛች ልጅ አቅፈው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ያለችው ሴት ጠየቀቻቸው።

«የልጅ ልጅዎ ናት፣ አባቴ?»

«አዎ፣ የወንድ ልጄ ልጅ ናት። ካርቱም ላለች እናቷ ልመልሳት ነው። መተማ ድረስ መጥታ ትቀበለኛለች። ፍርድ ቤት ነው ያዘዘ።»

«ምን ተገኘና?»

«ልጄ ከሚስቱ ተጣላና ሳይነግራት ልጅቷን ይዞ መጣ። እናቷ እዚያ ከሰሰች። እኛ ደግሞ ጉዳዩ እዚህ ይታይልን አልን።»

«እዚህ ምን አላት?»

«ክርስትና የተነሳችው እዚህ ነዋ! በሰማንያ ቀኗ አምጥተዋት። የክርስትና እናቷም እዚሁ ናት።»

«ክርስትና የተነሳ ሁሉ እዚያው ይቅር ከተባለማ፣ ሰቆጣ ሕዝቡን አትችለውም!»

«የሰቆጣዋ ዳኛም እንዳንቺው ሳቀች። ‹ያደገችው እዚያ ነው። ማን ያሳድጋት የሚለውን የዚያ አገር ዳኛ ይየው፤ እስከዚያ ወደ ቤቷ ትመለስ› አለች።»

«እርስዎስ ዝም አሉ?»

«ልጅን ከእናቱ መነጠል ኃጢአት መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ለመድኋት እንጂ።»

«እሷንስ የጠየቃት አለ?»

«ዳኛዋ ጠየቀቻት። ‹ቤትሽ የት ነው?› ብትላት፣ ‹በሩ ሰማያዊ ነው› አለች።»

«የእርስዎስ በር?»

«ቀለም ነክቶት አያውቅም፣ ልጄ። ይግባኝ በሉ ቢሉኝም ትቼ ስንቋን ቋጠርሁ።»

መውረጃዬ ሲደርስ «ወራጅ አለ» ብዬ ብጮህ ልጅቷ ትነቃለች ብዬ አልፌ ሄድሁ።