የበረዶው ኃጢአት

ከንፋስ መውጫ ወደ አርብ ገበያ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንድ ገበሬና የንስሐ አባቱ ቄስ ተቀምጠዋል።

«አባ፣ ትናንት ሬዲዮ ሰምተዋል? በፈረንጅ አገር ተማሪዎች ሰልፍ ወጥተው፣ ዝናሙንም በረዶውንም ያበላሸው የአገራችን የፋብሪካ ጭስ ነው እያሉ ይጮኻሉ።»

«የራሳቸውን አገር ነው የሚከሱት?»

«የራሳቸውን! እኔኮ በአቦ ቀን በማረሴ በረዶ ወርዶ የሰውን ሁሉ ገብስ መታው ተብዬ፣ ጎረቤቱ እንዳኮረፈኝ ከረመ። እኔም አምኜ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።»

«በአቦ ቀን ማረስህስ?»

«እሱማ አርሻለሁ። በረዶው ግን የኔ ብቻ አይደለማ! እፎይ!»

«ተመስገን በል። ልጆቹም ሰልፍ ወጡ አይባልም፤ ተናዘዙ እንጂ።»

«እንግዲያ የሰጡኝን ቀኖና ያንሱልኛ።»

«ትከል ካልሁህ ጥድ ስንት ቀረህ?»

«ሦስት።»

«ሁለቱን ለራስህ ትከል፤ አንዱን ለነሱ።»

«ለፈረንጆቹ? ደስ እያለኝ! እንዲያውም አባ፣ ሁለቱ ለነሱ ይሁን፤ የነሱ ይብሳል።»

እግሬ ሥር ያስቀመጥሁትን አንድ ማዳበሪያ ከሰል ቀስ ብዬ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋሁት።