የአናጢው የልጅ ልጅ ጆሮ

ጉዳዩ በሰፈራችን ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ስፍራ ሊሰጠው የሚገባ በመሆኑ፣ የጽሕፈት ወንበሬ አንደኛው እግር ከሦስቱ ወንድሞቹ አጥሮ መገኘቱን ለክቡራን አንባቢዎቼ የማስታውቀው በታላቅ አክብሮት ነው። ያጠረበት ምክንያት እስከ ዛሬ አልተጣራም። እኔ ግን በተቀመጥሁ ቁጥር ሐሳቤ ሁሉ ወደ ግራ እያዘነበለ ስላስቸገረኝ ወንበሬን ተሸክሜ ወደ ጋሼ አናጢው ሱቅ ወረድሁ።

ያን ሱቅ ያላየ ብዙ ቀርቶበታል። ዛሬ መስታወት ተገጥሞለት የስልክ መሸፈኛ ይሸጥበታል። ያኔ ግን ገና ከመታጠፊያው ሳትደርሱ የእንጨትና የኮላ ሽታ ወጥቶ ይቀበላችሁ ነበር። ወለሉ ላይ ያለው ሰጋቱራ ጫማ ያሰምጣል። መላጊያ ማሽኑ ሲነሳ ደግሞ ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ወሬውን አቋርጦ፣ ጣቱን ወደ ላይ እንዳነሳ ጩኸቱ እስኪያልፍ ይጠብቃል። ጋሼ ለሰፈሩ ሙሽሮች ቁም ሳጥን፣ ለሰፈሩ ሕፃናት አልጋ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ግማሻችን የተኛነውም፣ የወደቅነውም ከእሳቸው አልጋ ላይ ነው።

የዚያን ቀን ከማሽኑ አጠገብ፣ በአሮጌ መሳቢያ ውስጥ፣ የልጅ ልጃቸው ተኝቷል።

«አየኸው?» አሉኝ፣ ወንበሬን ዞር ብለው ሳያዩት። «አለቃ ነው የምንለው። አባቱ በዚህ ዕድሜው መጋዝ በሰማ ቁጥር ሰፈር ያምስ ነበር። ይሄኛው ግን፣ ቆይ ላሳይህ።»

ማሽኑን አስነሱት። የእኔ ጥርስ ተንቀጫቀጨ፤ ሕፃኑ አፉን እንደከፈተ ተኝቷል።

«ሽፋሽፍቱ እንኳ አልተነቃነቀም» አሉ ማሽኑን አጥፍተው። «አናጢ ሆኖ ነው የተወለደው። ከሌላ ሰፈር ድረስ ሊያዩት የሚመጡ አሉ።»

እኔም የተማርሁትን ትምህርት ሁሉ አስተባብሬ «ድንቅ ነው» አልሁ።

«ምኑ ነው ድንቁ?» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። የጋሼ ትንሿ ልጅ ነበረች። በሌላ ከተማ የሕፃናት ክፍል ነርስ ናት፤ ዕረፍት ወጥታ፣ ሻንጣዋን እንደያዘች፣ የወንድሟን ልጅ ገና ማየቷ ነው። ሕፃኑ በዚሁ መሃል ርቦት ነቅቶ ጣሪያውን ያያል። እሷ ከራስጌው በኩል ዝቅ አለችና ሁለት ቁራጭ ጣውላ አንስታ አጋጨች። እኔ ዘለልሁ። ሕፃኑ ጣሪያውን ማየቱን ቀጠለ። ዞራ ፊት ለፊቱ ስትመጣ ግን ፈገግ አለላት።

«አባባ፣ ይሄ ልጅ ሲወለድ ጆሮው ታይቷል?»

«በደንብ ታይቷል። ሁለት ነው።»

«መስማቱን ማለቴ ነው።»

«ገና እንኳን ደህና መጣሽ ሳልልሽ ልጄን ደንቆሮ አደረግሽብኝ? ይጠባል፣ ይስቃል፣ ይወፍራል። ጤነኛ ልጅ ሐኪም ቤት ሄዶ ምን ሊያደርግ ነው? በሽታ ሊያማርጥ?»

«እርስዎ ግንድ ሲገዙ ለምን ያንኳኩታል?»

«ውስጡ በስብሶ እንደሆነ ላውቅ ነዋ።»

«ከውጭ ደህና መስሎ እያለ?»

«ከውጭማ የትኛው ደህና ያልሆነ አለ» አሉና፣ ወዴት እየተወሰዱ እንደሆነ ገብቷቸው ቆጣ አሉ። «ልጄን ከግንድ ጋር አታነጻጽሪብኝ።»

«አላነጻጽርም። ግንድ ይቀየራል።»

ወንበሬን ከትከሻዬ ባወርድ ክርክሩን የማቋርጥ ስለመሰለኝ እንደተሸከምሁ ቆሜያለሁ።

«አንቺንስ ማን መረመረሽ?» አሉ ጋሼ። «ይኸው አድገሽ ትከራከሪኛለሽ።»

«እኔ ቀናኝ። ሕፃን እኮ አልሰማም ብሎ አይናገርም። የሚታወቀው አፉን ሳይፈታ ሲቀር ነው፤ ያኔ ደግሞ ሌሎቹ ቃል ሲለቅሙ የከረሙበት ጊዜ አምልጦታል። ምርመራው መርፌ የለውም፣ አያምም። እንደተኛ ጆሮው ውስጥ ትንሽ ነገር ገባ ይደረግና ድምፅ ይላካል፤ አለቀ። ከሰማ ይዘነው እንመለሳለን፣ እርስዎም እስኪበቃዎ ይሰድቡኛል። ካልሰማ ደግሞ የመስሚያ መርጃ አለ፣ የምልክት ቋንቋ አለ። ሁሉም ግን በጊዜ ሲጀመር ነው። ቢሰማም እኮ በዚህ ማሽን ሥር ጆሮ አይተርፍለትም።»

የልጁ እናት ከጓዳ ወጥታ መቃኑን ተደግፋ ትሰማ ነበር። «ስዘፍንለት ዝም አይልም» አለች ቀስ ብላ። «ደረቴ ላይ ለጥፌው ስዘፍን ብቻ ነው ዝም የሚለው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ ጋሼ።

«ለእንግዳ ሁሉ እየኮሩበት እንዴት ብዬ ልንገርዎት?»

ጋሼ መዶሻ አነሱ፤ መልሰው አስቀመጡ። «እንግዲህ ዝምተኛ ይሆናላ» አሉ። «ዝምታ ምን ነውር አለው? አጎትሽስ ዝምተኛ አልነበረም?»

ይህን ብለው ዓይናቸውን ወደ ሥራ ጠረጴዛው መለሱ።

አጎቷን እኔም አስታውሰዋለሁ። በዚያው ጠረጴዛ ላይ ይሠራ የነበረ፣ የጋሼ ታናሽ ነው። ሰላምታ አይመልስም ብለን «ኩራቱ» እንለው ነበር። እንጨቱን ሲልግ መዳፉን አስከትሎ፣ እንደሚያዳምጥ ሰው አንገቱን ዘንበል ያደርጋል።

«አባታችን ይገርፈው ነበር» አሉ ጋሼ፣ ለማንም እንዳልሆነ። «ስጠራው አይመጣም እያለ። የሚጠራው ደግሞ ከጀርባው ነው። ትምህርት ቤትም አይገባውም ብለው መለሱት። እኔም አይገባውም ነበር የምለው።»

ጋሼ ሕፃኑን አነሱት፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞሩት፣ ከጆሮው ኋላ ሆነው «አለቃ» ብለው ጠሩት። ደግመው፣ ጮክ ብለው ጠሩት። ሕፃኑ የሸሚዛቸውን እጅጌ መሳቡን አልተወም።

«ሐኪም ቤቱ የት ነው?» አሉ።

ሐኪም ቤት ተመርምሮ፣ ሁለቱም ጆሮዎቹ እጅግ ከባድ ድምፅ እንኳ በጭንቅ ነው የሚሰሙት ተባለ። ጋሼ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ «ረፍዷል?» ሐኪሟ «አልረፈደም፤ በደንብ ቀድማችኋል» አለቻቸው። መርጃው ተገጠመለት፤ ቤተሰቡም በእጅ መነጋገር ተማረ። የጋሼ ወፋፍራም ጣቶች ሲያወሩ ትንሽ መንተባተብ ነበረባቸው፤ ስድብ ላይ ሲደርሱ ግን ይቀናቸዋል። ልጁም እናቱ ከጀርባው ስትጠራው የዞረ ዕለት ልብስ ሰፊው ሳይቀር ሥራውን ትቶ መጣ። ከሕመም በፊት የሚደረግ ምርመራ ጥቅሙ ይኸው ነው። ጆሮም ሆነ ዓይን፣ ክብደትም ሆነ ክትባት፣ በጊዜው የታየ ልጅ የማያውቀውን ጥፋት ተሸክሞ አያድግም፤ ጠባዩ ነው ተብሎም አይገረፍም።

ጋሼ ለሰው ምክር የሚሰጡ ዓይነት አልነበሩም። ሱቁ ለዘለቄታው ከመዘጋቱ በፊት ግን አንድ ወጣት አባት ልጁን ታቅፎ ያዘዘውን የሕፃን አልጋ ሊወስድ ሲመጣ እዚያው ነበርሁ።

«ልጅህ ጆሮው ታይቷል?» አሉት።

«ጋሼ፣ እኔ ያዘዝሁት አልጋ ነው።»

«አልጋውማ ደርሷል። ሲታይለት መጥተህ ውሰድ።»

«ልጄ ጤነኛ ነው፣ ሰላም ነው። ማሽኑ ሲጮህ እንኳ ይዩት፣ ምንም አይለውም። ለምን እንደሚያስፈልግ ቢያስረዱኝ ምናለበት?»

ጋሼ አልጋውን ወደ ውስጥ ጎተቱና በሩ ላይ ቆሙ።

«አላስረዳህም» አሉት።